ከሚያዝያ 27 በፊት የአርበኞችን ቤት ጣራ እንይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ካሉት የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ የሚገኝ እድር ጸሐፊ ሆኜ ነው። ዘንድሮ የአርበኞች የድል በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ነፋስ የቀላቀለ ከባድ በረዶ ሰፈራችን ላይ ወረደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የአሥራ አንድ ቤት ጣራ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተገነጠለ። የሰው ሕይወት ባለመጥፋቱ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ከቤቶቹ አንዱ የአርበኛ ልጅ መኖሪያ ስለነበረና «በዓሉን እንዴት እናክብረው?» የሚለው ጥያቄ ሰፈሩን በሙሉ ስላነጋገረ፣ የሆነውን ለአንባቢዎችዎ ማካፈልና በበኩሌ የማምንበትን አንድ ሐሳብ ማቅረብ ፈለግሁ።

እኛ እማማ ብለን የምንጠራቸው እኚህ እናት የተወለዱት በ1931 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በራስ አበበ አረጋይ ሥር ሆነው በሸዋ የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። እናታቸው ግን መጀመሪያ ከተማ ቀርተው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀናት በተካሄደው ጭፍጨፋ፣ የከተማው የሣር ክዳን ቤቶች ብዙዎቹ ሰው በውስጣቸው እያለ ሲቃጠሉ የእሳቸውም ቤት አብሮ ነደደ፤ በዚያው ባላቸውን ፍለጋ ወጥተው ጫካ ገቡ። እማማ የተወለዱት በዚያ ስደት፣ በዋሻ ውስጥ ነው። «እኔ ከጣራ ሥር ያደርሁት ሁለት ዓመት ከሞላኝ ወዲያ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ የሚናገሩትም እንደ ተራ ነገር፣ ቡና እያፈሉ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ወጣቶቹ በዶፉ ውስጥ ሮጠው ሲደርሱላቸው፣ በበሩ መቃን ሥር ቆመው ቤታቸው መሀል የሚዘንበውን በረዶ ዝም ብለው ሲመለከቱ አገኟቸው። አራት ቆርቆሮ ከነማገሩ ተነቅሎ ጎረቤት ግቢ ካለ ባህር ዛፍ ጋር ተላትሟል። የአቡጀዲው ኮርኒስ ውኃና በረዶ አዝሎ ከመሀል ተቀዶ ነበር።

ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበረ የቆርቆሮ ሣጥን ወድቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ በረዶ ሞልቶበት ተገኘ። የአባታቸው ሜዳይ፣ ጥቂት ፎቶግራፎችና ወረቀቶች ከዚያ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ከወረቀቶቹ አንዱ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ማኅተም ያረፈበት፣ ከነጻነት በኋላ ለአርበኝነታቸው አንድ ጋሻ መሬት የተሰጣቸው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። መሬቱ ራሱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ ወረቀቱ ማንም ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከርበት ሰነድ አይደለም። ለቤተሰቡ ግን አባታቸው የት እንደነበሩ አገር አውቆ የመሰከረበት ብቸኛው ጽሑፍ ነው። ሌላው ከደብተር የተገነጠለ ቅጠል ሲሆን፣ አባታቸው አብረዋቸው ተዋግተው የወደቁትን ሰዎች ስም፣ የትውልድ አገራቸውንና የወደቁበትን ቦታ በእርሳስ የጻፉበት ነው። በቀለም የተጻፈው ደብዳቤ ከማኅተሙ በቀር አብዛኛው ፈሶ ሰማያዊ ውኃ መሰለ። በእርሳስ የተጻፈው የሙታን ዝርዝር ግን አንድ ፊደል አልጎደለበትም። የግራፋይት እርሳስ በውኃ እንደማይሟሟ ትምህርት ቤት የተማርሁ ሰው ብሆንም፣ ያንን ቅጠል ሶፍት ላይ አስጥቼ ስሞቹን አንድ በአንድ ሳነብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያን ዕለት ማታ የእድሩን ድንኳን በእማማ ግቢ ተከልን። በዚህ ላይም ክርክር ነበር። ድንኳኑ የለቅሶ ነው፤ ሰው በሕይወት እያለ በደጁ መትከል ደግ አይደለም ያሉ አባቶች ነበሩ፤ ስሜታቸውን እረዳለሁ። እማማ ሲሰሙ «አባቴ አምስት ዓመት ድንኳንም አልነበረው፤ ትከሉት» ብለው ነገሩን ቆረጡት። አንሶላና ፍራሽ ከየቤቱ ወጣ፤ ጣራቸው የተነሳባቸው ሌሎች ሦስት ቤተሰቦችም ከነልጆቻቸው እዚያው አደሩ። ከዘነበለ ፖል ላይ የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለነበረ ልጆች እንዳይጠጉ ሁለት ወጣቶች ተራ ይዘው ሲጠብቁ አነጉ። መብራት የተመለሰው በአምስተኛው ቀን ነው።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። ሚያዝያ 27 በታሪካችን ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው የጀመሩትን ጉዞ ጨርሰው በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማዋ ተመለሱ። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር። ያም ቀን ከተማዋ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ስለሆነ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የእኔ ዕድሜ ሰዎች በልጅነታችን በመጋቢት ሰልፍ ወጥተን፣ አያቶቻችን ደግሞ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሚያዝያ 27ን በጸሎትና በቡና ሲያስቡት እናይ ነበር። እማማም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በዕለቱ ሣጥኑን ከፍተው ሜዳዩን በጨርቅ ያብሱ እንደነበር አውቃለሁ። በዓሉ ወደ ቀድሞ ቀኑ ከተመለሰ ወዲህ ከሰፈራችን የተወሰንን ሰዎች በየዓመቱ አጅበናቸው አራት ኪሎ፣ የድሉ ሐውልት ወደቆመበት ሚያዝያ 27 አደባባይ እንሄዳለን። ጎፈር የደፉ፣ ጋሻና ጦር የያዙ፣ ደረታቸውን በሜዳይ የሸፈኑ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ሲፎክሩና ሲያቅራሩ እናያለን፤ ጉንጉን አበባ ሲቀመጥ በአክብሮት እንቆማለን። ይህ ሥነ ሥርዓት እንዲቀር ወይም እንዲያንስ የሚጠይቅ አንድም ቃል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንደሌለ አንባቢ ይረዳልኝ።

በዋዜማው የእድሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ግን ሐሳብ ተከፈለ። ገሚሱ ጣራ የሌለው ሰው እያለ ሰልፍ መሄድ አይገባም፣ ሁላችንም ለሥራ እንውጣ አለ። ገሚሱ ደግሞ የአርበኞችን ቀን ማስታጎል ነውር ነው አለ። ከዚህ በላይ ዕለቱ 27፣ ወርኃዊው መድኃኔዓለም ነው፤ «በመድኃኔዓለም ቀን ቆርቆሮ ይመታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በተለይ እናቶችን አስጨነቀ። የንስሐ አባታቸው ተጠይቀው፣ ለገዛ ትርፍ የሚሠራ ሥራና ዝናብ ለሚወርድበት ሰው የሚሠራ ሥራ አንድ እንዳልሆነ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ መሥራት እንደሚቻል መለሱ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህ ክርክር ሳይነካቸው ከንጋቱ ጀምረው አጠና መላጥ ስለያዙ፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው የደረሰው ግማሹ ወራጅ ከቆመ በኋላ ነበር።

እማማ ራሳቸው አራት ኪሎ ካልሄድሁ አሉ። ሜዳዩ አልደረቀም ነበር፤ ይቆይ ብንላቸውም እንቢ ብለው በነጠላቸው ላይ ሰኩት። አራት ሰው ሆነን በጠዋት ወሰድናቸው፤ ከስድስት ሰዓት በፊትም ተመለስን። ከታክሲ ሲወርዱ ከሜዳዩ ጥብጣብ የወጣው ቀለም ነጠላው ላይ የጣት ርዝመት ያህል ወርዶ ነበር። ቤታቸው ላይ ደግሞ ስድስት ወጣቶች ቆመው ቆርቆሮ ይቀባበላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ እጃቸውን ሲስም «በርቱ» ብለው ወንበር አስመጡና ሥራው እስኪያልቅ ከግቢው አልተነሱም። እኔ ሃምሳ ያህል የድል በዓል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ትርጉሙ የተሰማኝ ጊዜ ግን የለም።

ከዚህ ተነስቼ የማቀርበው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ እድርና ወረዳ በመጋቢት ወር፣ ከድሉ በዓል በፊት፣ በአካባቢው የሚኖሩ የአርበኞችን፣ የአርበኛ ባለቤቶችንና አረጋውያን ልጆቻቸውን ቤት ጣራ ቢያይና ቢያጠናክር፣ ወረቀቶቻቸውንም ፎቶግራፍ ቢያነሳ የሚል ነው። ጊዜውን መጋቢት ያልሁበት ምክንያት አለኝ። እኛ ጣራ የመጠገን ልማዳችን በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ ነው። ይሁንና ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የበልግ ዝናብ ጠባዩ ከክረምቱ ይለያል። ቀኑ ሲሞቅ ውሎ፣ ከህንድ ውቅያኖስ በኩል የመጣው እርጥብ አየር በደጋው ላይ ሲነሳ ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ ይዞ ይወርዳል። ክረምት ጣራን ቀስ ብሎ ያበሰብሳል፣ የሚያዝያ ነፋስ ግን በአንድ ጊዜ ይነቅለዋል። በዓሉ ሁልጊዜ የሚውለው በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ዘንድሮ በእኛ ላይ የደረሰው ከርሞ በሌላ ሰፈር ላለመድረሱ ዋስትና የለም።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማስተዋል ነው። ከአሥራ አንዱ ቤቶች በዘጠኙ ቆርቆሮው መነሳት የጀመረው ከጠርዙ ነው። ነፋስ ከሥር ገብቶ የሚያነሳው ከግድግዳው አልፎ የወጣውን ክፍል ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ሚስማር ሳስቶ ከተመታ ወይም ማገሩ ከወራጁ ጋር በሽቦ ካልታሰረ ሌላው ጥንካሬ ብዙም አይረዳም። እንደ ብዙ ሰፈሮች በእኛም ዘንድ ጣራ ላይ ድንጋይ የመጫን ልማድ አለ። እኔ ግን ከእንግዲህ በፍጹም አልመክረውም፤ በዚያ ቀን አንድ ድንጋይ ከተነሳ ቆርቆሮ ጋር ተንሸራቶ የወረደው ከአምስት ደቂቃ በፊት ሕፃን ተኝቶበት የነበረ አልጋ ላይ ነው። የድሮውን ቆርቆሮ መልሶ የሚያለብስ ሰው የአሮጌው ሚስማር ቀዳዳ ከአዲሱ ጋር እንደማይገጥም አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እኛ ቀዳዳ የበዛበትን ቆርቆሮ ለአጥር አድርገን፣ ጤነኞቹን ብቻ ነው መልሰን የመታነው። ሚስማሩም የሚመታው በቆርቆሮው እጥፋት ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ አይደለም። ይህን አናጢ ሁሉ ያውቃል፤ በጥድፊያና በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ወጣት ግን ካልተነገረው ይሳሳታል።

በዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ችግር አለ። የእማማ ቤት የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት ለማደስ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ ደንቡም ያለ ምክንያት እንዳልወጣ እንረዳለን። በበረዶው ማግስት ፈቃድ ለመጠየቅ ስንሄድ ግን የተሰጠን መልስ «በዓሉ ይለፍና ኑ፣ ባለሙያ ይመደብላችኋል» የሚል ነበር። ከሰማንያ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ባለሙያ እስኪመደብ በድንኳን ይደሩ ማለት ነው። እኛ የተነቀለውን ጣራ ፎቶግራፍ አንስተን፣ በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ አስገብተን፣ ቤቱን በነበረበት ስፋትና ከፍታ መለስነው። ከሳምንት በኋላ ግን ማን እንደፈቀደልን የሚጠይቅ ሰው መጣ። ጠያቂው ጨዋ ነበር፤ የማማርረውም በእሱ ላይ አይደለም። በአደጋ የተነቀለ ጣራ በነበረበት ይዞታ ሲመለስ ማሳወቅ ብቻ እንዲበቃ፣ ፍተሻውም ሰዎቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ እንዲሆን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች አንድ ግልጽ መመሪያ ቢያወጡ ነው የምለው። ይህ ለአርበኛ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም የከተማዋ ነዋሪ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ ከጣራው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ጣራ ይተካል። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የተዋጉት ሰዎች አሁን ከመካከላችን አልፈዋል ለማለት ጥቂት ነው የቀረን፤ በጫካ የተወለዱት ልጆቻቸው እንኳ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የታላላቆቹ አዛዦች ስም በአደባባይና በትምህርት ቤት ይጠራል፤ ሊጠራም ይገባዋል። በእማማ አባት እጅ በእርሳስ የተጻፉት አርባ ሦስት ስሞች ግን ከዚያ ቅጠል ሌላ የሚገኙበትን ቦታ አላውቅም። እንዲህ ያለ ቅጠል በስንት ቤት፣ በስንት ሣጥን፣ ከስንት የሚያፈስ ጣራ ሥር እንዳለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ስልክ የሌለው ወጣት የለም። አንድ ልጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሁሉንም ገጽ በቀን ብርሃን ቢያነሳ፣ ሽማግሌው ወይም እናቲቱ ስለ እያንዳንዱ የሚሉትን በድምፅ ቢቀዳ፣ በረዶውም እሳቱም ሊያጠፋው አይችልም። እኛ ይህን ከበረዶው በፊት ብናደርገው ኖሮ ያ ደብዳቤ ዛሬ ይነበብ ነበር፤ እኔ ለሃያ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ሆኜ፣ ያንን ሣጥን በየዓመቱ እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ሳይለኝ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

የረጠበ ወረቀት ለደረሰበት ሰው የሚጠቅም ጥቂት ነገር ልጨምር። ሻጋታ ለመጀመር ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ስለዚህ መቆየት አይገባም። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሆነ ከእሳት ማስጠጋት ወረቀቱን ያኮማትረዋል፤ ቀለሙንም ያደበዝዘዋል። ጥላ ቦታ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል፣ በሶፍት ወይም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መካከል አድርጎ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው የሚሻለው። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ የራሱን ቀለም ያወርድበታል። ፎቶግራፎችን መደራረብ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ ለየብቻ መዘርጋት አለባቸው። እኛ ይህን የመጨረሻውን ዘግይተን ነው ያወቅነው።

በዚህ ምክንያት በጋዜጣዎ አማካይነት አንድ የእርዳታ ጥያቄ ማቅረብ እወዳለሁ። በከተማችን በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ተቋም አለ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። በእነዚህም ሆነ በሌላ ቦታ የድሮ ወረቀትና ፎቶግራፍ መጠገን የሚያውቁ ባለሙያዎች እንደማይጠፉ አምናለሁ። ከእማማ ሣጥን ከወጡት ፎቶግራፎች ሁለቱ ፊት ለፊት ተጣብቀው ደርቀዋል። አንደኛው አባታቸው ከጓዶቻቸው ጋር በነጻነት ማግስት የተነሱት፣ የእሳቸው መልክ ያለበት ብቸኛው ፎቶግራፍ ነው። ከልጅ ልጆቻቸው መካከል የሚያስታውሰው የለም፤ ሌላ ቅጂም የለውም። በኃይል ብናላቅቀው ፊቱ አብሮ እንዳይላጥ ስለፈራን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለን፣ ደረቅ ቦታ፣ እድሩ ቢሮ ውስጥ አስቀምጠነዋል። እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያውቅ ሰው ካለ በዝግጅት ክፍልዎ በኩል ቢያገኘን፣ እማማን ይዘን ያለበት ድረስ እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ